ባለ ክሩ የብር ቅጠል

ከፓኖፖሊስ፣ ሃቲር ፬ ቀን

ከማህፀኔ ባይሆን ከእጄ ለወጣሽው ልጄ ለሄራይስ፣

ታትሪፌ ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን በከተማችን አምላክ በጌታችን በሚን ፊት እለምናለሁ። እኔ ከወገቤና ከጎረቤቶቼ በቀር ደኅና ነኝ።

የደብዳቤዎ ፊደል ለምን ተለወጠ ላልሽው፣ የተለወጠው እጁ ነው። የዲኑ ውሃ ገንፍሎ ቀኝ እጄን ስላቃጠለኝ የቤተ መቅደሱን አሮጌ ጸሐፊ ፔቴሚንን ለመንኩት። ፊደሉ የሚያምር፣ ጠባዩ የማያምር ሽማግሌ ነው። ይህችን የቃጠሎ ነገር አልጽፍም ብሎኝ ነበር፤ ጻፍ ብዬ አስጻፍኩት።

ለምን ቸኮሉ ብለሽም ጠይቀሻል። ሰባት ዓመት ሙሉ «ቀስ በይ» ስልሽ ኖሬ አሁን «ፍጠኚ» ማለቴ ገርሞሻል። እርጅና ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጊበት። ከብር ማቅለሙ ሥራችን ጥቁሩን አሳይተሽኛል፣ ነጩንም አሳይተሽኛል። የቀረሽ ብሩን ቢጫ ማድረግ ነው። እሱን ሳላይ ምስክርነቴን አልሰጥሽም። ምስክርነቴ ካልመጣ ደግሞ ያቺ አሠሪሽ ኢሲዶራ የራስሽን ምድጃ እንድታነጂ አትፈቅድልሽም፤ የሰው እሳት ስትቆሰቁሺ ታረጃለሽ። የሚያስቸኩለኝ ይኸው ነው።

ደንቡን አትርሺ። ቀለም በአፍ አይነገርም፣ በደብዳቤም አይጻፍም። አፍ ሁሉን ያሳምራል። ሁለት የሳሱ የብር ቅጠሎች ትልኪልኛለሽ፤ አንዱ በዲኑ እንፋሎት ላይ በክርና በመቆንጠጫ ተንጠልጥሎ የወጣው፣ ሁለተኛው ምንም ያልነካው ነጩ፣ ምስክር የምንለው። ጎን ለጎን አያቸዋለሁ። ዐይኔ ያላየውን አፌ አይመሰክርም። የኔም መምህር እንዲሁ ነበረች፣ የሷም መምህር እንዲሁ።

ዘንድሮ እዚህ ቶሎ ይመሻል። ቶሎ ላኪልኝ።

*ፔቴሚን ጻፍኩላት። ሰው ለምን በራሱ እጅ እንዳልጻፈ ከሥር ማስፈር የጸሐፊ ወግ ነው። ምክንያቱን እሷ ከላይ ተናግራለች፤ እኔ አልተናገርኩም።*

ከእስክንድርያ፣ ኮያክ ፱ ቀን

ለእናቴ ለእማማ ታትሪፌ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። በየማለዳው በጌታ በሴራፒስ ፊት ስለ ጤናዎ እሰግዳለሁ። እጅዎን ማር ይቀቡት። እርስዎ እኔን ስቃጠል የሚቀቡኝ እሱን አልነበር?

እትዬ ኢሲዶራ ሰው ናቸው ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ ሰው ናቸው፤ ሰውነታቸው የሚጀምረው ግን ቁርስ ከበሉ በኋላ ነው። በቤቱ ስምንት ሴቶች አለን። ግማሾቻችን ሽቶ እናፈላለን፣ ግማሾቻችን ብርና መስታወት እናቀልማለን። የራሳቸው ምድጃ ያላቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ምሳ ሲቀርብ እነሱ ይቀድማሉ። እኔ አመድ እጠርጋለሁ፣ ወናፍ እነፋለሁ፣ አፌንም እዘጋለሁ። የመጨረሻውን እንደማያምኑኝ አውቃለሁ።

አንድ የሚያስቅዎት ነገር ልንገርዎ። ከኛ ማዶ ያሉት ወንዶች ስለ ጥበባችን መጽሐፍ እየጻፉ ነው። ጥበቡን ለሴቶች ያስተማሩት ከሰማይ የወረዱ መላእክት ናቸው ይላሉ፤ ሴቶቹ ስላማሩዋቸው ነው አሉ። አንዱን «ብር አቅልመህ ታውቃለህ?» ብለው «እኔ የምመረምረው ነገሩን ነው» አለኝ። እጁ እንደ ሕፃን እጅ ንጹሕ ነው።

ሁለቱን ቅጠሎች በዚህ ጀልባ ልኬያለሁ። አየሩ እንዳያጠቁራቸው ለየብቻ በተልባ እግር ጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ። ባለ ክሩ በእንፋሎቱ የወጣው ነው፤ ክር የሌለው ምስክሩ። የጠቀለልኳቸው የጀልባው ባለቤት «ልሄድ ነው!» እያለ ሲጮህብኝ ነው። ልቤም እስካሁን አላረፈም። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ፤ መጥፎም ቢሆን።

ልጅዎ ሄራይስ

ከፓኖፖሊስ፣ ጢቢ ፳ ቀን

ለልጄ ለሄራይስ፣

በጤናሽ ደስ ብሎኛል። ማር ቀባሁ፤ ያተረፍኩት ዝንብ ነው።

ለመላእክቱ ነገር መልሴ ይኸውልሽ፦ መላእክት ድስት አጥበው አያውቁም። ዕቃን በፍል ውሃ ውስጥ አስቀምጦ በቀስታ ማሞቅን ያሰበች ወጧ ያረረባት ሴት ናት። እንፋሎት ክዳን ላይ ተሰብስቦ እንደሚንጠባጠብ ያስተዋለችውም ክዳን የምትከፍተው ናት። ለዚያ ባለ ንጹሕ እጅ ይህን ንገሪውና መጽሐፉ ውስጥ ይጨምረው።

ቅጠሎችሽ ደርሰውኛል። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ባለ ክሩን ከምስክሩ ጎን ያዝኩት። ቢጫው ቢጫ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል የተዘረጋ፣ ጭራሽ ያላሰብኩት ውበት ያለው። ሌላ አትላኪ። አይቻለሁ፣ በቃ።

ቀጥሎ ያለውን ለኢሲዶራ አንብቢላት፦ «እኔ ታትሪፌ የሄራይስን ቢጫ በዐይኔ አይቻለሁ። እሳቷን ታንድድ።»

እጄ መቼ ይድናል ብለሽ አትጠይቂኝ። አንዳንድ ቃጠሎ ይቆያል።

*ፔቴሚን። ፊደሉ የኔ ነው።*

ከእስክንድርያ፣ ሜኪር ፳፮ ቀን

ለአባባ ፔቴሚን፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ነው፤ እባክዎ ለእማማ አያንብቡላቸው።

ያ ጀልባ በሄደ በማግስቱ ጠረጴዛዬን ስጠርግ ከወንፊቱ ሥር አንድ ጥቅል ጨርቅ አገኘሁ። ፈታሁት። ክሩ ያልተፈታ የብር ቅጠሌ፣ ቢጫው፣ እዚያው ተኝቷል። ለካ ሌላ ቅጠል ላንጠለጥል ክር ካሰርኩበት በኋላ ሳላንጠለጥለው ትቼው ኖሯል። ስቸኩል የላክሁት እሱን ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ማለት ይኸው ነው። ለእማማ የደረሷቸው ሁለቱም ቅጠሎች ነጭ ናቸው፤ ሁለቱም ምስክሮች፣ ቀለም የሚባል የማያውቁ።

እውነተኛውን ከስድባቸው መልስ ጋር ልልክ አስቤ፣ ስድቡን እየጠበቅኩ ወራት ከረምኩ። ስድባቸውን አውቀዋለሁ፣ ሲናፍቀኝም ይኖራል። የመጣልኝ ግን ውዳሴ ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ጥቅሉን ሳይፈቱት ነው የመለሱልኝ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። «መስኮቱ አጠገብ ቆሜ» ይላል። «ከዳር እስከ ዳር እኩል» ይላል። እማማ የማይጠሉትን ሰው እንኳ በሐሰት አያሞግሱም፤ የሚጠሉትንማ ተዉት።

ደግሞ እርስዎ ከሥር ምክንያት አልጻፉም። በልጅነቴ ወላጅ እናቴ የውል ወረቀት ስታስጽፍዎ «ፊደል ስለማታውቅ» ብለው ሲጽፉ «ተወው» ብትልዎ እንዴት እንደተቆጡ አስታውሳለሁ። ምክንያት ሳይጽፉ የሚተዉ ሰው አይደሉም።

አባባ፣ የመምህሬ ቃል በእጄ ነው። ለእትዬ ኢሲዶራ ባሳያቸው ነገ ምድጃ አለኝ። «ቃልሽ አልመጣም?» ሲሉኝ «አልመጣም» አልኳቸው። ደብዳቤው ከትራሴ ሥር ነው። እማማ ምን ሆነዋል?

ሄራይስ

ከፓኖፖሊስ፣ ፋርሙቲ ፪ ቀን

ለሄራይስ፣

ምያለሁ። ስለ ታትሪፌ ዐይን ለማንም አንዲት ቃል ላልናገር እጄን አንስቼ ምያለሁ፤ መሐላዬንም እጠብቃለሁ። ስለዚህ ስለ ፍየሌ ልጻፍልሽ።

ፍየሌ ባለፈው ሳምንት የታትሪፌ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ታትሪፌ ወጣችና «እንደምን አደሩ ጎረቤት፣ ምነው ውጭ ቆሙ? ግቡ እንጂ» አለቻት። ፍየሏም ገባች። የምስሩን ወጥ በላችው።

ስለ ጉድጓዱም ልጻፍልሽ። ከታትሪፌ በር እስከ ጉድጓዱ አርባ አንድ እርምጃ ነው። ይህን ያወቅኩት እሷ ድምፅ አውጥታ ስለምትቆጥር ነው። መሃል ላይ ሰው ሰላም ካላት ቁጥሩ ይጠፋባትና ወደ በሯ ተመልሳ ከአንድ ትጀምራለች። ስለዚህ ሰፈሩ ተስማምቶ፣ ጉድጓዱ ጋ እስክትደርስ ማንም ሰላም አይላትም። እሷ ግን «የዘንድሮ ሰው ኮርቷል፣ ሰላምታ ረስቷል» እያለች ታማናለች። እንታማለን።

ምድጃዋም ከሁለት መከር ወዲህ አልነደደም። ስለዚህ ገንፍሎ እጅ የሚያቃጥል ነገር በቤቷ የለም። እጇ ደኅና ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኔ ምንም አልነገርኩሽም።

ፔቴሚን

ከእስክንድርያ፣ ፋርሙቲ ፴ ቀን

ለእናቴ ለእማማ ታትሪፌ፣

እንደምን ከርመዋል? ስለ ጤናዎ መስገዴን አላቋረጥኩም፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ የነበረውን ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ። አባባ ፔቴሚን፣ እባክዎ ይህን ቀስ ብለው ያንብቡላቸው።

እማማ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ስቸኩል ቅጠሉ ተሳሳተብኝ። ባለ ክሩ እንፋሎት ያልነካው ነበር። የላክኋቸው ሁለቱም ነጭ ናቸው።

ለምን እንደዚያ እንደጻፉልኝ አልጠይቅዎትም። እንዳይመልሱልኝ። ምስክርነትዎን ግን ለማንም ሳላሳየው መልሼ ልኬዋለሁ። ብጠቀምበት ማንም አያውቅም ነበር። ግን የምድጃ እሳት በየማለዳው ይለኮሳል፤ በለኮስኩት ቁጥር ያ ነጭ ቅጠል ትዝ ሊለኝ ነው። እንደዚያ ሆኜ እሳት ማንደድ አልችልም፤ እርስዎ አላስተማሩኝማ።

በወንዙ ሙላት ወራት የሰሜኑ ነፋስ ጀልባውን ወደ ላይ ይወስዳል። ልምጣ። ውሃ እቀዳለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ክር እፈትላለሁ። ምድጃ ባይኖረኝ አልሞትም። እርስዎ ብቻዎን መሆንዎን ሳስብ ግን እህሉ ከጉሮሮዬ አይወርድም። እወድዎታለሁ፤ እዚያ ሳለሁ ወናፍ እየነፋሁ ለመናገር ስላፈርኩ የቀረ ቃል ነው።

አንድ የሽቶ ዕቃ አብሬ ልኬያለሁ። የጠጅ ሣርና የከርቤ ነው፣ ያፈላሁት ራሴ። ለእጅዎ ነው።

ልጅዎ ሄራይስ

ከፓኖፖሊስ፣ ፓይኒ ፫ ቀን

ለሄራይስ፣

ደብዳቤሽን ፔቴሚን ሲያነብልኝ ተነስቼ ወጣሁ። ጉድጓዱ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ። ማንም አላናገረኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግ ሆኑልኝ ብዬ አሰብኩ። ስመለስ ያ ሽማግሌ ብራናውን እንደያዘ ቁጭ ብሏል። «ቀጥል» አልኩት።

ሁለቱም ነጭ ነበሩ?

እሺ። የዐይን ሞራ ነው። ካቻምና ግራውን ጋረደው፣ ዘንድሮ ቀኙን። ብርሃንና ጥላ እለያለሁ፤ ሰውና ፍየል አልለይም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በዲን ጭስ ላይ ያጎነበሰ ዐይን ሌላ ምን ይሆናል? መምህሬም በመጨረሻ እንዲሁ ሆና ነበር፤ እኔ ግን ቀለሜን የጨረስኩት እሷ ሳትታወር ነው።

ስትሄጂ ያልነገርኩሽ እንዳትቀሪ ብዬ ነው። «ፍጠኚ» ያልኩሽ ዐይኔን ለመቅደም ነበር። ዐይኔ ቀደመን። ቅጠሎቹ ሲመጡ መስኮቱ ጋ መቆሜ እውነት ነው። ባለ ክሩን አሸተትኩት፤ ዲን አልሸተተኝም። «አንተም አረጀህ?» ብዬ አፍንጫዬን ሰደብኩት። ያ ምስኪን እውነቱን ነበር። ከዚያ አሰብኩ፦ ይህች ልጅ ታውቃለች፣ አበላሽታ አትልክም። እኔ ካልመሰከርኩላት ደግሞ በዚህ ምድር የሚመሰክርላት የለም። እናም ዋሸሁ። ፔቴሚን ብርዑን ጥሎ ሁለት ቀን አኩርፎኝ ነበር።

ተናድጄብሻለሁ፤ ቃሌን መልሰሽ በመላክሽ። ደግሞም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው። ማን አስተማራት እላለሁ፣ ከዚያ እኔ ነኝ እላለሁ።

መምጣትሽን እከለክላለሁ። ሰባት ዓመት የደከምኩብሽ ምርኩዝ ላደርግሽ አይደለም። አንቺ ምድጃ ሳይኖርሽ እዚህ መጥተሽ ውሃ ብትቀጂልኝ፣ ከመምህሬ መምህር ጀምሮ ከሴት እጅ ወደ ሴት እጅ የመጣው ነገር በኔ ደጃፍ ላይ ሞተ ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው በእውነት የምታወረው።

ስለዚህ ስሚኝ። ደንቡን ልሰብር ነው። ቢጫሽን በአፍሽ ንገሪኝ። እነዚያ ወንዶች ለሚጽፉት መጽሐፍ የሚሆን ንግግር አልፈልግም፣ «እንደ ፀሐይ» እንዳትዪኝ። እኔና አንቺ አብረን ባየነው ነገር ንገሪኝ። ካሳመርሽው አውቃለሁ። እንዴት እንደማውቅ አልነግርሽም።

ሽቶው ጥሩ ነው። ከርቤው ትንሽ በዛ።

*ፔቴሚን ጻፍኩላት፣ ዐይኗ ስለማያይ። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ከሃቲር ወዲህ ደኅና እንቅልፍ የተኛሁት ዛሬ ነው።*

ከእስክንድርያ፣ ኤፔፍ ፩ ቀን

ለእናቴ ለእማማ ታትሪፌ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ቅጠሉን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ቃል ስፈልግለት ነው የሰነበትኩት። «እንደ ወርቅ ነው» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። ወርቅ አይደለም፤ ቢጫ የሆነ ብር ነው፣ እንዲሸጥም የምንፈልገው በስሙ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ ቢጫ ሻሽዎን ያበላሸሁበትን ቀን ያስታውሳሉ? አጥባለሁ ብዬ የኖራ ውሃ ያለበት ገንዳ ውስጥ ነከርኩት። ስመዝዘው ነጥቷል። ገንዳው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እርስዎ ጨምቀው፣ አራግፈው፣ እርጥቡን አሰሩትና «አሁን ገና ከፊቴ ጋር ተስማማ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አሰሩት። ሌላ ሻሽ አጥተው እንዳልነበረ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ከግራ ጆሮዎ በላይ፣ እጥፉ ውስጥ፣ ኖራው ያልደረሰበት አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። የስንዴ ዛላ የምታህል ናት። ቀና ሲሉ አትታይም። ምድጃው ላይ ሲያጎነብሱ እጥፉ ይከፈታል፤ እኔ ከጎን ወናፍ እየነፋሁ እሷን አያለሁ። ቢጫ ምን እንደሆነ የተማርኩት ከዚያ ነው። ከዲኑ ዕቃ አይደለም፣ እማማ። ከጆሮዎ በላይ ነው።

ቅጠሌ እሷን ይመስላል። እንደ ማለዳዋ ሳይሆን እንደ ከሰዓት በኋላዋ፤ ፀሐይ በጓሮው በር ስትገባ እንደነበረው። ትንሽ ጎላ ይል ይሆናል፣ በጣም አይደለም።

ጉድለቱንም ልንገርዎ። በአንደኛው ጥግ፣ መቆንጠጫው የያዘበት ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል የጠቆረች ነጥብ አለች። እንድትጠፋ ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ሠራሁት፤ ሦስቱም ላይ ቀረች። ስለ ነጥቧ ሳልጽፍ ልተወው አሰብኩ። እርስዎ አያዩዋት፣ እትዬ ኢሲዶራም ጥጉን ይዤ ባሳያቸው አያዩዋት። ግን አለች። በዚህች ነጥብ ምድጃውን ከከለከሉኝ በደስታ ባይሆንም እቀበላለሁ።

ልጅዎ ሄራይስ

ከፓኖፖሊስ፣ ሜሶሬ ፪ ቀን

ለልጄ ለሄራይስ፣

የወንዙ ውሃ ሞልቷል፤ እንቁራሪቶቹ እያበዱ ነው። ጤናሽን በሚን ፊት ለምኛለሁ፤ ለአንቺ ስለምን ሌላ የምለምነው ይጠፋኛል።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ሻሹን ከሣጥን አወጣሁ። እጥፉን በጣቴ አገኘሁት፤ እንደታሰረ ደርቆ ኖሯል። ፔቴሚን «እጥፉ ውስጥ እውነትም ቢጫ…» ብሎ ሲጀምር «ዝም በል፣ እያየሁ ነው» አልኩት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አለቀስኩ፤ እሱም ፍየሏን ሊያይ ወጣ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ያቺ የጠቆረች ነጥብ የኔም ቅጠል ላይ ነበረች። ጉድ ሆንኩ ብዬ በጣቴ ሸፍኜ ለመምህሬ ሰጠኋት። ጣቴን አነሳችና ሳቀች፤ የሷም ላይ ነበረች። ቅጠሉ በእውነት እንፋሎቱ ላይ ከዋለ፣ መቆንጠጫው የያዘው ቦታ ላይ ትቀራለች። ማንም አያጠፋትም። ይህን ለተማሪ አስቀድመን አንነግርም፤ ነጥብ የሌለው ቢጫ ይዞ የሚመጣ በብሩሽ የቀባ ነው። አንቺ ሳትጠየቂ ነገርሽኝ። ሻሹን ስታወሪልኝ ልቤ ፈልጎ ነው ያመነሽ፤ ነጥቧን ስትነግሪኝ ግን አየሁት።

ምድጃሽን አንድጂ። አንድ ክረምት ከነደደ በኋላ፣ ባለ ምድጃ ሆነሽ፣ ለእንግድነት ነይ። ስትመጪ ወደ ጉድጓዱ ስሄድ ካገኘሽኝ እንደ ሰፈሩ ሰው አትሁኚ። ሰፈሩ ለምን ዝም እንደሚለኝ አሁን አውቄያለሁ፤ ፔቴሚን ተናዘዘልኝ። አንቺ መሃል መንገድ ላይ ጥሪኝ። ቆጠራው ይጥፋብኝ።

ይህ ለኢሲዶራ ነው፦

«እኔ ታትሪፌ የሄራይስን ቢጫ አይቻለሁ። እሳቷን ታንድድ።»

*እኔ ፔቴሚን ይህን የጻፍኩላት ዐይኗ ስለማያይ ነው። አርባ ዓመት ስጽፍ ሐሰት ፈርሜ አላውቅም። ከዚህ በላይ ያለውን ቃል ደግሞ አንብቤዋለሁ፤ አይታለች። ፈርሜያለሁ።*